ከሐረጎ እስከ ጉጉፍቱ፦ መኝታ በገባለት ሚኒባስ ጉምን፣ ዝናብንና ውርጭን ስለማለፍ

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት (ክር) የከፈተው የኮምቦልቻ ሰው ነው። የአሮጌ ናፍጣ ሃይስ ሚኒባስ ወንበሮችን አውልቆ አልጋ፣ የቡታ ጋዝ ምድጃ፣ 80 ሊትር የሚይዝ የውሃ በርሜልና ሁለተኛ ባትሪ አስገብቶለታል። በነሐሴ አጋማሽ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ከዚያ በጉጉፍቱና በካቤ አድርጎ ወረኢሉ ሊደርስ፣ ሲመለስም ሐይቅ ዳር ሊያድር አስቧል። በታኅሣሥ ያንኑ መንገድ ሊደግመው ነው። ሦስት ነገር በእርግጠኝነት ጻፈ። የክረምት ክፋቱ ማንሸራተቱ ስለሆነ አራት አዲስ ጎማ ይበቃል፤ የሌሊቱን ብርድ በደንብ የተያያዘ ከሰል ይመልሰዋል፤ በጋ ደግሞ ከአቧራ በቀር ችግር የለውም። ከዚያ የጎደለ ነገር ካለ እንዲነግሩት በትሕትና ጠየቀ። ሦስቱም ስህተት ናቸው። ከሥር የመጡት 27 መልሶች ያንን ያሳያሉ፤ እዚህ በተራ የማሰፍራቸውም ጠቃሚው ነገር በጨዋታውና በጭቅጭቁ መሃል ተበትኖ እንዳይቀር ነው።

መልስ 1 ከደሴ መጣ። አብሽር ብሎ ጀመረና ስለ ሰዓት ብቻ ጻፈ። በሐምሌና በነሐሴ ሐረጎ ላይ ጉሙ ጠዋት እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ይተኛል፤ ዝናቡ ደግሞ አብዛኛውን ቀን ከ8 ሰዓት ወዲያ ይወርዳል። ዳገቱን ለማለፍ የሚመቸው እንግዲህ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም ሳይቸኩል ይደርሳል። ጉሙ ካልተነሳ ግን ኮምቦልቻ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ነው። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው መልስ ይሄ ነው፤ የቀረው ምክር ይህችን ሰዓት ላመለጠችው ሰው ነው።

መልስ 2 ከፍታውን አሰላለት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.65 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ ሰው ጉጉፍቱ ሲደርስ ቢያንስ 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርድበታል፤ ያውም ነፋሱና እርጥበቱ ሳይቆጠር። አየሩም ይሳሳል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አሮጌው ሃይስ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ቢወጣ ታሟል ማለት አይደለም።

መልስ 3 አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ከሰሉን ጣለው የሚል፣ ሰላምታም የሌለው። በመልስ 4 የክሩ ባለቤት ቅር ብሎት ተመለሰ። ከሰሉን ውጭ አያይዞ፣ ጢሱ ወጥቶ ፍሙ ከቀላ በኋላ እንደሚያስገባው፣ መስኮትም ጣት በሚያስገባ ያህል ከፍቶ እንደሚተወው ገለጸ። በየቤቱ የሚደረገው እንዲሁ መሆኑንም አስታወሰ።

የጠነከረው መልስ 5 ነው። ጸሐፊው ጋሼ እያለ በአክብሮት ጀምሮ ነገሩን ከሥሩ ፈታው። ከሰል ሲያያዝ የሚታየው ጢስ በደንብ ያልከሰለው እንጨት ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ቀልቶ፣ ላዩ ነጭ አመድ ለብሶ፣ አየር እያነሰው ቀስ ብሎ ሲነድ ነው በብዛት የሚወጣው። ሰው ንጹሕ ሆነ ብሎ የሚያስገባው እንግዲህ በከፋው ሰዓቱ ነው። ይህ ጋዝ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ ጉጉፍቱ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ከመጀመሪያውም አንሷል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ከቆላ ወደ ደጋ ለወጣ ሰው ራስ ምታት የከፍታው ስለሚመስለው ይተኛበታል። የሃይስ ውስጡ ከአንዲት ትንሽ ክፍል ያንሳል፤ ጣት የምታስገባው ቀዳዳም ለዚህ አትበቃም። ሕፃናት ትንፋሻቸው ፈጣን ስለሆነ ቀድመው ይመታሉ። ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ብርድ ነው ወይ ብሎ መከራከር የለም፤ በር ከፍቶ ሁሉንም ማውጣት፣ ከዚያ ሻል ቢላቸውም ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው። ወተት ማጠጣት ጊዜ ማባከን ነው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ያንቀዋል።

መልስ 6 እዚያው ላይ ጨመረ። ሞተር አስነስቶ ማሞቂያ ከፍቶ መተኛትም ያው ነው፤ የማርሚታው ጋርኒሲዮን ወይም ቧንቧው ተሰንጥቆ ከሆነ ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ ይገባል፤ ጭቃ የጭስ ማውጫውን አፍ ሲደፍነው ደግሞ ይብሳል። ቡታ ጋዙም በር ተከፍቶ ምግብ ለማብሰል እንጂ ለማሞቂያ አይሆንም። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከተገኘ በተኛው ሰው ራስ ከፍታ ይሰቀል፤ እሱ አለ ተብሎ ግን ከሰል አይገባም።

ታዲያ በምን እንሙቅ የሚል ጥያቄ መልስ 7 ላይ መጣ፤ ጠያቂዋ ራሷ መለሰችው። ብርዱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሥር ስለሆነ ከአልጋው ጣውላ በታች ወፍራም ስፖንጅ ወይም የበግ አጎዛ ይነጠፍ። ከላይ ባና፣ ከውስጥ ጋቢ። በመስታወቶቹ ልክ የተቆረጠ ካርቶን ማታ ማታ ይለጠፍ። ሁለት ሊትር የሚይዝ ክዳኑ የማያፈስ ዕቃ በሞቀ ውሃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርሳል። ከእንቅልፍ በፊት ገንፎ ቢበላ ወይም አጥሚት ቢጠጣም አይጎዳም አለች።

መልስ 8 የጋራዥ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል፤ ስለ ፍሬን ነው፤ ክሩ ውስጥ ረጅሙም እሱ ነው። መውጣቱ ሞተሩን ያደክማል፣ ሰውን የሚጨርሰው ግን መውረዱ ነው ብሎ ተነሳ። ከጉዞው በፊት የፍሬን ዘይቱ ይቀየር። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለት ዓመት የሞላው ወይም ከጠላ የጠቆረ ዘይት አይታመንም። አንድ ሊትር ይበቃል፤ አየሩ የሚወጣው ከፍሬን ማስተር ከራቀው ጎማ፣ ማለትም ከኋላ ቀኝ ተጀምሮ ነው። የፊት ፓድም ሆነ የኋላ ሸራ ከ3 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ለዚህ ቁልቁለት አይውጡበት። የኋላ ታምቡሩ ይጠበቅ፣ የእጅ ፍሬኑም በቆመ ዳገት ላይ ይሞከር።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሁለተኛ ገብቶ ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ወደ 30 ማውረድ፣ ከዚያ እግርን ጨርሶ ማንሳት። ፔዳሉ ላይ እግር አሳርፎ መውረድ ሸራውን ያለ ዕረፍት ይጠብሰዋል። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ሰው ያስጨርሳል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሜዳ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ በማርሽና በታኮ (ጎማ ሥር በሚገባ እንጨት) ማሰር፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ታምቡሩ ግሎ ሳለ ውሃ አይደፋበትም፤ ይሰነጠቃል። ፔዳሉ ከላላ ቶሎ ቶሎ እየረገጡ ማርሽ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ፣ የግድ ከሆነም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ወገን ማስጠጋት። በጎርፍ ውስጥ ያለፈ ታምቡርም ለጥቂት ጊዜ አይዝም፤ ከውሃው ሲወጡ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን ለዘብ አድርጎ ረግጦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

መልስ 9 ይህንን ለማጉላት አንድ ሂሳብ አመጣ። ዕቃና ሰው የያዘ 2.8 ቶን መኪና 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ደሴ ላይ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው አራት ጎማ ላይ ነው አለ። መልስ 10 ግን አረመው። የመጀመሪያው ስሌት ልክ ነው፤ ነገር ግን በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ የጎማው መንከባለልና አየሩ ብቻቸውን ግማሽ ያህሉን ይወስዳሉ። አደገኛው ጠቅላላ ድምሩ ሳይሆን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ የተከማቸው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ሞተሩ እንዲይዝ የሚፈለገውም እዚያ ነው። ዘጠነኛው ተቀብሎ አመሰገነ። እንዲህ ያለ መተራረም በየመድረኩ ቢበዛ ጥሩ ነበር።

መልስ 11 ስለ መውጣቱ አጭር ነገር ጨመረ፤ ብዙዎች ያለፉት ግን ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳኑ ደህና ከሆነና 0.9 ባር ግፊት ከያዘ ግን እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ጎማው ካረጀ ወይም ሞላው ከላላ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት በ82 ከተከፈተ በኋላ የሚቀረው 10 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሰው ፓምፑን፣ ራዲያተሩን፣ ጋርኒሲዮኑን ያስፈታል፤ ጥፋቱ ግን ክዳኑ ላይ ነው። ሲፈላ ክዳኑን ወዲያው አለመክፈት፣ ሞተሩን በሚኒሞ ትቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ መክፈት፣ መርፌው ሲወርድ ብቻ ማጥፋት።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ ጉም ዞረ፤ ድምፁም ከፍ አለ። መልስ 12 አጭር መብራት፣ የጉም መብራት ካለም እሱ ይብራ፤ ረጅም መብራት በጉሙ ጠብታ ላይ ተመልሶ ዓይን ይወጋል አለ። መስታወቱ ከውስጥ በጨርቅ ሳይሆን ነፋሱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ጎን መስኮት ትንሽ ከፍቶ ይጥራ። ከዚያ በ40 የሚሄድ መኪና በእርጥብ አስፋልት 16 ሜትር ላይ ስለሚቆም 20 ሜትር የሚያሳይ ጉም ለ40 ይበቃል ብሎ ደመደመ።

መልስ 13 ይህን ሳይታረም ማለፍ ሰው መግደል ነው አለ። 16 ሜትሩ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ያለው ብቻ ነው፣ ያውም በሜዳ። ሹፌሩ አይቶ እስኪረግጥ አንድ ተኩል ሰከንድ ይሄዳል፤ በዚያ ውስጥ መኪናው 17 ሜትር ሮጧል። ቁልቁለቱ ሲጨመር ድምሩ 36 ሜትር ይደርሳል። በ60 ከሆነ 70 ሜትር ሊሞላ ነው። 20 ሜትር ለሚያሳይ ጉም የሚበቃው ፍጥነት 25 ነው፤ መንገዱ ጠቦ ከፊት የሚመጣውም መሃል ከያዘ ከዚያም ያነሰ። ሜትር የሚለካ ስለሌለ አንድ ዘዴ ሰጠ። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለ ድንጋይ ወይም ዛፍ ይያዝና በእርጋታ እስከ 4 ይቆጠር፤ 4 ሳይሉ ከደረሱበት ፈጥነዋል። ሐረጎ ላይ የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ፣ ጥቁር ነገር የለበሰ እግረኛና ጭነት የያዘ አህያ በአንድ ኩርባ ሊገኙ እንደሚችሉም አሳሰበ። ዘዴው ቀላል ነው፣ ልጅም ሊቆጥረው ይችላል፤ ጋቢና ተቀምጦ የሚቆጥር ሰው ቢመደብ መልካም ነው።

መልስ 14 አራቱን ፍሬቻ እያበሩ መሄድን ደገፈ፤ መልስ 15 ተቃወመ። አራቱም ሲበሩ መታጠፊያ ማሳየት አይቻልም፤ ከኋላ ያለውም ቆመሃል ወይስ ትሄዳለህ የሚለውን አይለይም። ለቆመ ወይም በእርምጃ ለሚሳብ መኪና ብቻ ይሁን አለ። እኔም ከ15 ጋር ነኝ።

መልስ 16 በንዴት የተጻፈ ነው፤ ንዴቱም እውነት አለው። መኪና ሲበላሽ ከኋላ ድንጋይ ይደረደራል፤ ጎማ ሥርም ድንጋይ ይገባል። መኪናው ሲጠገን ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። በጠራ ቀን ሰው ዞሮት ያልፋል፤ በጉም ግን የጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ በእርጥብ ጥቁር አስፋልት ላይ እግር ሥር እስኪደርስ አይታይም። ሚኒባስ ሲመታው ጎማው ይፈነዳል ወይም የመሪው ዘንግ ይጣመማል፤ ሹፌሩ ሊሸሸው ሲል ደግሞ ገደሉ አለ። ይህን ትቶ የሚሄድ ሰው ፈንጂ እንደቀበረ ይቆጠራል አለ።

መልስ 17 የጭነት መኪና ሰዎችን ወግኖ በቁጣ መለሰ። ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያው አስፋልት ላይ ከቆመ በደቂቃ ውስጥ ይሰረቃል፣ ረዳቱ በዝናብ ድንጋይ ሲያነሳ ጎማ ሥር ይገባል፣ ጥፋቱ የድሃ ሹፌር ብቻ ተደርጎ አይወራ። መልስ 18 ሽማግሌ ሆኖ ገባ። ለማስጠንቀቂያ ድንጋይ ሳይሆን ቅጠል ያለው ትልቅ ቅርንጫፍ ይደርደር፤ ቢረሳም ጎማ አያፈነዳም። በጉም ጊዜ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከመኪናው ቢያንስ 70 ሜትር ርቆ፣ ኩርባ ካለ ደግሞ ከኩርባው ወዲያ ይሁን፤ ምክንያቱ መልስ 13 ላይ ያለው ስሌት ነው። ለጎማ ታኮ ይያዝ። ሰዎቹም በመኪናው ኋላ ሳይሆን ከመንገዱ ወጥተው ይቁሙ። አሥራ ስድስተኛውም አሥራ ሰባተኛውም ዝም አሉ።

መልስ 19 በድንገት የሐይቅን ቆሮሶ አነሳ፤ ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ለሁለት ሌሊት አዳሪ ምን ያህል እንደሚበቃ ጠየቀ። መልስ 20 ጉምና ጭጋግ አንድ አይደሉም፣ ጉም መሬት የነካ ደመና ነው፣ ጭጋግ ሳሳ ያለው ነው የሚል ክርክር ከፈተ። ለመንገደኛ ልዩነቱ ጠቃሚ ነው፤ ሐረጎ ላይ የሚቆመው ከሥር ሲታይ ደመና፣ ውስጡ ሲገቡ ጉም ነው፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ሆኖ ቀና ብሎ ማየት የላዩን መንገድ ያሳውቃል። ዓሣውን ግን ማንም አልመለሰለትም።

መልስ 21 ወደ ዋናው ጉዳይ መለሳቸው፤ የት ይታደር? ተራራ ተቆርጦ በወጣ መንገድ ግድግዳ ሥር ክረምት አይታደርም። ደሴ ራሷ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል ስለተቀመጠች የገደሉ ግርጌ የናዳና የመሬት መንሸራተት ቦታ ነው። ከግድግዳው ሥር አዲስ ጠጠር ከተበተነ፣ ትናንት ያልነበረ ምንጭ ደፍርሶ ከወጣ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ ካዘመመ፣ አስፋልቱ ዳር ረጅም ስንጥቅ ከታየ ዝናቡ ቢያባራም ከዚያ መነሳት ነው፤ ናዳ ዝናቡ ካበቃ በኋላም ውሃው አፈሩ ውስጥ ሲሠርግ ሊወርድ ይችላል። ባሕር ዛፍ ሥርም አይታደርም፤ ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ይለቃል። መብረቅ ሲኖር ብረት ጣሪያ ያለው መኪና ውስጥ መቆየት ጥሩ መጠለያ ነው፤ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ የተተከለ ድንኳን ግን መጠለያ አይደለም። መረሬ አፈር ላይ ደረቅ ሆኖ የገቡበት ቦታ ሌሊት ከዘነበ ጠዋት ያለ ካቴና አያስወጣም፤ ከአስፋልቱ ከ10 ሜትር በላይ አለመራቅ።

መልስ 22 ቆላው ላይ ያለውን አስታወሰ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ፣ ወይም ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሊመጣበት ይችላል፤ ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነዋ። ቦርከና ከደሴ ወገን ተነስቶ ነው ወደ ጨፋ የሚወርደው። ለስላሳና ሜዳ ስለሆነ ለመኝታ የሚያምረው አሸዋ የወንዝ አልጋ ነው። ለመሻገር ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር የሚፈስ ውሃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ጉልበት የደረሰ ደፍራሽ ውሃ ካለ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ የደጋ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

መልስ 23 በጋውን አነሳ። በታኅሣሥ ጉጉፍቱ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲያጣ ሌሊቱ ይወርጫል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተራራው እየፈሰሰ መንገድ የሚያቋርጥ ምንጭ ፀሐይ በማያገኘው ኩርባ ላይ እንደ ብርጭቆ ያለ ስስ በረዶ ይሆናል፤ ድልድይም ከሥሩ አየር ስላለው ከመሬቱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት በእነዚህ ቦታዎች መሪ ማዞርም ፍሬን መርገጥም ሳያስፈልግ በቀስታ ማለፍ። መስታወቱ ላይ የያዘው አመዳይ በፈላ ውሃ አይታጠብም፣ ይሰነጠቃል፤ ማታ በካርቶን መሸፈን ነው። ባትሪ በዜሮ ዲግሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ሲነሳ ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማታ ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። መብራትና ስልክ ቻርጅ ከሁለተኛው ባትሪ ብቻ ይሁን። ናፍጣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁት ካንዴሌታዎች አንድ በአንድ ይለኩ፤ ደህናው ከ1 ኦም ብዙ አይርቅም፣ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ራዲያተሩ ባዶ ውሃ ሳይሆን እኩል የተቀላቀለ ኩላንት ይኑረው። ከዚያ ቡታ ጋዝ ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ስለማይተን ጉጉፍቱ ላይ አይነድም አለ።

መልስ 24 ይህችን የመጨረሻዋን አረመ። ቡቴን በባሕር ወለል ከዜሮ ዝቅ ባለ ግማሽ ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ 3,000 ሜትር ላይ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ረጅም ሰዓት ሲነድ ግን ሲሊንደሩ በራሱ እየቀዘቀዘ ነበልባሉ ይደክማል። ያን ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ማቆም ይበቃል፤ እሳት ማስጠጋት ክልክል ነው። አንድ ኪሎ ቡቴን ሲነድ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ በትነት እንደሚለቅ፣ ሁለት የተኙ ሰዎችም በሌሊት ግማሽ ሊትር ገደማ እንደሚተነፍሱ ጨመረ። ጠዋት ከጣሪያው የሚንጠባጠበውና ፍራሹን የሚያሸትተው እሱ ነው፤ በሁለት ተቃራኒ ወገን ሁለት ሁለት ጣት መስኮት ተከፍቶ ይታደር።

መልስ 25 ወደ ላይ ሲወጣ ጎማ ስለሚነፋ ይተንፈስ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ እዚያው መልስ አገኘ። ከኮምቦልቻ ጉጉፍቱ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሳሳ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ብርዱ ደግሞ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ ተሞልቶ፣ ከዚያ እንዳይነካ።

መልስ 26 ላይ የክሩ ባለቤት ተመለሰ። ከሰሉን ከዕቃው ዝርዝር ሰርዟል፤ መነሻውን 4 ሰዓት አድርጓል፤ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ክዳን ሊያስቀይር ነው። ማታ ጉጉፍቱ ከማደር ደሴ አድሮ ደጋውን በቀን ማለፍ እንደሚሻል ገብቶታል፤ ለልጆቹ ሲል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ታኮ ከየት ይገዛል፣ ልኩስ ስንት ነው?

መልስ 27 ይህን ብቻ መለሰ። መግዛት አያስፈልግም፤ ማንኛውም አናጺ ከደረቀ ወይራ ወይም ከጠንካራ ባሕር ዛፍ ይቆርጠዋል። ቁመቱ የጎማው ሩብ፣ ለሃይስ 16 ሴንቲ ሜትር፤ ወርዱ ከጎማው ወርድ የማያንስ፤ ጎማው የሚያርፍበት ገጽ ተዳፋት፣ ሥሩ ደግሞ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ የተመታ። ሁለት ይሠሩ፤ ሁለቱም ከቁልቁለቱ ወገን ይገባሉ። ጎናቸው ተበስቶ አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ይታሰርባቸውና የገመዱ ጫፍ በሹፌሩ በር እጀታ ይጠለቅ። በሩን ሲከፍት ገመዱን ያየዋል፤ ስቦ ሳያወጣቸው አይነሳም፣ አስፋልቱም ላይ ምንም አይቀርም።